ከአልጋ ሥር የተደበቀችውንም ቁጠሯት

ለቤተሰብ የአደጋ ጊዜ ዝግጅት መመሪያ ለምታዘጋጁና ለምታሠራጩ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ

ጉዳዩ፦ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ እንስሳትን በቤተሰብ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ውስጥ ስለ ማካተት

ክቡራንና ክቡራት፣

አንድ ሌሊት የምኖርበት ሕንፃ የእሳት ማስጠንቀቂያ ደወል ጮኸ። መመሪያዎቻችሁን ደጋግሜ ያነበብኩ ሰው ነኝና ብዙም አልተደናገጥኩም። ቦርሳው በሩ አጠገብ ተሰቅሏል፤ ውኃው፣ የእጅ ባትሪው፣ ትንሿ ሬዲዮ፣ የሰነዶቹ ቅጂ፣ የቁስል ማሸጊያው ሁሉ በውስጡ አለ። ጫማዬን አጠለቅሁ። ውሻዬ ከእኔ ቀድሞ በሩ ላይ ቆሟል። ድመቷ ግን የለችም።

በደረቴ ተኝቼ ባትሪውን ከአልጋው ሥር ሳበራ ሁለት ዓይኖች አብረቀረቁ፤ ግድግዳው ጥግ ላይ፣ እጄ ከሚደርስበት አንድ ስንዝር ራቅ ብለው። ጠራኋት። ለመንኋት። ምግቧን አቀረብሁላት። በመጥረጊያ እንጨት ልገፋት ብሞክር ጭራሽ ከጥጉ ጋር ተጣበቀች። ደወሉ ይጮኻል፤ ውሻው ይጮኻል፤ ደረጃውን የሚወርዱ ሰዎች ኮቴ ይሰማኛል። ቆየት ብሎ ኮቴው ጠፋ። በደወሉ ጩኸት መካከል የኮቴው መጥፋት ብቻውን ተለይቶ ተሰማኝ፤ ሕንፃው ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። በመጨረሻ ፍራሹን ገልብጬ፣ የአልጋውን ርብራብ አንስቼ፣ እየቧጠጠችኝ በትራስ ልብስ ውስጥ ከትቼ አወጣኋት።

እሳት የተባለው አንድ ጎረቤት ምድጃ ላይ ረስቶት የተኛው ድስት ሆኖ ተገኘ። በር ላይ የቆመው የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሚደማውን እጄን፣ ቀጥሎም የሚንፈራገጠውን የትራስ ልብስ ተመለከተና፣ ቁጣ ሳይሆን ድካም በተሞላበት ድምፅ፣ «አንተን ፍለጋ ልንገባ ነበር» አለኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያስጽፈኝ ያ ንግግር ነው። እኔ ድመቴን ፍለጋ ቀረሁ፤ እነርሱ ደግሞ እኔን ፍለጋ ሊገቡ ነበር። ድስቱ ድስት ባይሆን ኖሮ፣ በአንዲት ድመት ምክንያት ጭስ ውስጥ የሚገቡት ሰዎች ቁጥር ሦስትና አራት ይሆን ነበር። በማግስቱ ያለኝን መመሪያ ከሽፋን እስከ ሽፋን አነበብኩት። ስለ ሕፃናት፣ ስለ አረጋውያን፣ መድኃኒት አዘውትረው ስለሚወስዱ ሰዎች በሚገባ ተጽፏል። ስለ ውሻና ስለ ድመት አንድ ቃል የለም። አንዳንዶቻችሁ ጽፋችኋል፤ አውቃለሁ። ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትጽፉት በመጨረሻው ገጽ፣ በአባሪ፣ «በተጨማሪም» ከሚል ቃል በኋላ ነው። እስከዚያ ገጽ የሚደርስ አንባቢ ደግሞ ብዙ አይደለም።

አንድ ነገር ላጥራ። በቋንቋችን «የቤት እንስሳ» ሲባል ላምና በግም ይገቡበታል። የእነርሱ ነገር ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል። እኔ የምናገረው ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚያድሩት ስለ ውሻ፣ ስለ ድመት፣ ስለ ጥንቸል፣ በሽቦ ጎጆ ስለሚቀመጥ ወፍና እነርሱን ስለሚመስሉት ነው። ደግሞም የእንስሳት ፍቅር ስብከት ልጽፍላችሁ አልተነሣሁም። እንስሳ የማይወድ ሰው ይህን ደብዳቤ ቢያነበው እመርጣለሁ፤ ጉዳዩ የሰዎች ከቤት መውጣትና አለመውጣት ነውና።

ነሐሴ 2005 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ በአሜሪካ የባሕረ ሰላጤ ጠረፍ ላይ ሲደርስ ኒው ኦርሊንስ ከተማ በውኃ ተዋጠች። ሰዎችን ለማውጣት የመጡ ጀልባዎችና አውቶቡሶች ብዙውን ጊዜ እንስሳ አይጭኑም ነበር። በጣሪያ ላይ ሆነው «ያለ ውሻዬ አልሄድም» ያሉ ሰዎች ነበሩ። ሰዎች ከተጠለሉበት ስታዲየም ወጥቶ ወደ አውቶቡስ ሊገባ ሲል ነጭ ቡችላውን የተቀማና እስኪያስታውከው ድረስ ያለቀሰ የአንድ ሕፃን ወሬ በጋዜጦች ወጥቶ አገሩን ሁሉ አስቆጣ። በኋላ ፍሪትዝ ኢንስቲትዩት የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ባሠራው የአስተያየት ጥናት፣ ቤታቸውን ሳይለቁ ከቀሩት ሰዎች መካከል 44 በመቶ ያህሉ ቢያንስ በከፊል እንስሶቻቸውን ጥለው መሄድ ስላልፈለጉ እንደቀሩ ተናገሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ ጥቅምት 2006 ላይ፣ የክልልና የአካባቢ አስተዳደሮች የአደጋ ዕቅዳቸው እንስሳ ያላቸውን ሰዎች ያገናዘበ እንዲሆን የሚያስገድድ ሕግ ተፈረመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባልም፣ ቢያንስ ጮኸ።

ከካትሪና ይልቅ እኔን የሚያስተምረኝ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ትንሽ አደጋ ነው። መጋቢት 1996 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ዌያዌጋ በምትባል አነስተኛ ከተማ ጋዝ የጫነ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ተቃጠለ። ገና ጎሕ ሳይቀድ ነበርና ነዋሪዎች ተቀስቅሰው እንዲወጡ ተደረገ። ብዙዎቹ በጥቂት ሰዓታት የሚመለሱ መስሏቸው ለድመታቸው ምግብ ጨመር አድርገው በሩን ቆልፈው ሄዱ። ወደ ቤታቸው የተመለሱት ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይተው ነው። በመካከሉ አንዳንዶቹ ሊፈነዳ ይችላል በተባለ ጋዝ አጠገብ ክልከላውን ጥሰው ሾልከው ለመግባት ሞከሩ። ባለሥልጣናቱም በአራተኛው ቀን ባለቤቶቹን በብሔራዊ ዘብ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ አሳፍረው እንስሶቻቸውን እንዲያወጡ ለማድረግ ተገደዱ። እነዚያ ሰዎች ጨካኞች አልነበሩም፤ ሰነፎችም አልነበሩም። የጎደላቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ለአንድ ሰዓት የምትወጡ ቢመስላችሁም ይዛችሁ ውጡ።» ዛሬ ይህን ዓረፍተ ነገር በሁለተኛው ገጽ ላይ በደማቁ ብታትሙት፣ ሌላውን ጥያቄዬን ሁሉ ብትተዉት እንኳ ደብዳቤዬ ከንቱ አልሆነም።

መመሪያ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን የሚያስፈራውን ገጽታውንም ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1939፣ በእንግሊዝ ጦርነት ሊታወጅ ሲቃረብ፣ መንግሥት ያቋቋመው የእንስሳት የአየር ጥቃት መከላከያ ኮሚቴ ለባለቤቶች የሚሆን አጭር በራሪ ጽሑፍ አወጣ። ከተቻለ እንስሶቻችሁን አስቀድማችሁ ወደ ገጠር ውሰዱ፤ የሚረከባችሁ ካጣችሁ ግን እንዲገደሉ ማድረግ ደግነት ነው የሚል መንፈስ ነበረው። የእንስሳት መግደያ ሽጉጥ ማስታወቂያም አብሮት ታትሟል። የመጀመሪያው ቦምብ ለንደን ላይ ከመውደቁ ወራት አስቀድሞ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ በዚያች ከተማ ብቻ 400,000 የሚገመቱ ውሾችና ድመቶች በባለቤቶቻቸው ፈቃድ ተገደሉ። የእንስሳት ሕክምና ድርጅቶች «ቆዩ፣ አትቸኩሉ» ብለው ቢማጸኑም ሰልፉ በየበራቸው አልቀነሰም። ባለቤቶቹ በጸጸት ያለቀሱት የጠበቁት ቦምብ ሳይመጣ ወራት ሲያልፉ ነው። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር አለ፤ ጽሑፉን ያዘጋጁት ሰዎች ለእንስሳት የሚቆረቆሩ ነበሩ። አንድ ያልታሰበበት ዓረፍተ ነገር፣ በፈራ ሕዝብ እጅ ሲገባ፣ እዚያ አደረሰ። ዝም ያለ መመሪያም የራሱን ሥራ ይሠራል፤ የተባለውን ሳይሆን ያልተባለውን ሰው በራሱ እንዲሞላ ይተወዋል።

እንግዲህ ምን ይጻፍ? በእኔ አስተያየት ብዙ አያስፈልግም። የተለየ ምዕራፍም አያስፈልግም። «የቤተሰብ አባላትን ስም ዝርዝር ሙሉ» በሚለው ሠንጠረዥ ላይ አንድ ረድፍ ጨምሩ። ያ ረድፍ ካለ ሌላው ሁሉ እየተከተለ ይመጣል፤ ውኃ ሲቆጠር ለእነርሱም ይቆጠራል፤ መድኃኒት ሲዘረዘር የእነርሱም ይዘረዘራል፤ ልምምድ ሲደረግ እነርሱም ይለማመዳሉ።

ውኃውን እንይ። ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠጣል። ሃያ ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን ከአንድ ሊትር በላይ ይፈልጋል ማለት ነው፤ በሙቀትና በድንጋጤ ጊዜ ደግሞ ይጨምራል። ለሦስት ሰዎች ለሦስት ቀን ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ውኃ፣ ቤቱ ውስጥ ትልቅ ውሻ ካለ፣ ለሦስት ቀን አይበቃም። ውሻው ሲጠማ እያየ ከራሱ ጽዋ የማያካፍል ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ ስሌታችሁ የተሳሳተው ለሰውም ጭምር ነው።

መድኃኒት ላይ ከዝምታ የከፋ አደጋ አለ። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን ውስጥ ፓራሲታሞል እንዲኖር ትመክራላችሁ፤ ትክክል ነው። የተጎዳች ድመቱን ያየ ሰው ግን «ሕመም ያስታግሳል» ብሎ ሊሰጣት ይችላል። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት እንደ ሰው አድርጎ ማስወገድ አይችልም፤ አንድ ክኒን ሊገድላት ይበቃል። ኢቡፕሮፌንም የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ችግር ሲጠና ከቦርሳው የሚወጣው ቸኮሌትና ዘቢብም ለውሻ መርዝ ነው። ከሳጥኑ ክዳን ሥር የምትለጠፍ አንዲት መስመር ማስጠንቀቂያ ለዚህ ሁሉ ትበቃለች።

መያዣን በተመለከተ ደግሞ ከእኔ ሞኝነት ተማሩ። የድመት መጓጓዣ ሣጥን ነበረኝ፤ ግን ከቁም ሣጥን ጫፍ ላይ አቧራ ጠጥቶ ነው የሚኖረው። የሚወርደው ለሐኪም ቤት ብቻ በመሆኑ ድመቷ ሣጥኑን ባየች ቁጥር መርፌ ትዝ ይላታል። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም፤ ስትደነግጥ መደበቅ ተፈጥሮዋ ነው፤ ባለቤቷን ለመጉዳት አይደለም። መፍትሔውን ሁለት ወር ፈጅቶብኝ ደረስኩበት። ሣጥኑን በሩ ተከፍቶ ሳሎን ውስጥ አኖርኩት፤ አሮጌ ሹራቤን ምንጣፍ አደረግሁለት፤ ምግቧን መጀመሪያ አጠገቡ፣ ቀጥሎ ደፉ ላይ፣ በመጨረሻም ውስጡ አቀረብሁላት። በሦስተኛው ሳምንት የፊት እግሮቿን አስገብታ የኋላዎቹን ውጭ ትታ እየበላች አየኋት፤ ልክ ለመሸሽ እንደተዘጋጀ እንግዳ። አሁን የምትተኛበት እዚያ ነው። በሩን ዘግቶ አንሥቶ መውጣት አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ውሻ ይቀላል፤ ጠንካራ የአንገት ማሰሪያና ገመድ በሩ ላይ ይሰቀል። የዋህ ውሻም በድንጋጤና በሕመም ጊዜ ይነክሳልና አፍ መሸበቢያ ቀድሞ መለማመድ አለበት።

ስለ መለያ። ከቆዳ ሥር የሚቀበረው ማይክሮቺፕ የሩዝ ፍሬ ያክላል፤ ባትሪ የለውም፤ እንስሳው የት እንዳለም አይናገርም። ማንበቢያ መሣሪያ ሲቀርብለት የሚሰጠው 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ ባለቤቱን የሚያገኘው መዝገቡ ላይ ያለው ስልክ ትክክል ከሆነ ነው፤ ስልኩን ቀይሮ መዝገቡን ያላሳደሰ ሰው ቺፕ እንደሌለው ይቆጠራል። ከዚያ ይልቅ ቀላሉ ነገር ይረሳል፦ ባለቤትና እንስሳ አብረው የተነሡት ፎቶግራፍ። መጠለያ ውስጥ ሁለት ሰዎች በአንድ ቡናማ ውሻ ሲከራከሩ የሚዳኘው እርሱ ነው። ከክትባት ካርዱ ቅጂ ጋር ይቀመጥ።

ወፍ ያለው ሰው ሁሉን ነገር ከሌላው ቀድሞ ማድረግ አለበት። የወፍ ሳንባ ለጭስና ለመርዛማ ጋዝ እጅግ ስስ ነው፤ በእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች እስከ 1986 ድረስ ካናሪ ወፍ ይዘው ይወርዱ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። እሳቱ ሩቅ ሳለ ወፉ ከነጎጆው መውጣት አለበት። ኤሊና እንሽላሊት ያለው ሙቀታቸውን ይያዝላቸው፤ መብራት ሲጠፋ ይቀዘቅዛሉና።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ መከልከል አለበት፤ ማሰርና መቆለፍ። በጎርፍ ጊዜ በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ውኃው እስከ አንገቱ ሲደርስ የሚዋኝበት ቦታ የለውም። የትም ለመውሰድ ፈጽሞ ያልቻለ ሰው ቢያንስ አይሰር፣ በረት ውስጥም አይቆልፍ፤ ከፍ ባለ ክፍል ውስጥ ውኃና ምግብ ትቶ፣ ስንትና ምን ዓይነት እንስሳ እንዳለ በር ላይ ጽፎ ይሂድ። ይህን መጻፍ «ትታችሁ ሂዱ» ከማለት ጋር እንዳይምታታ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ይገባኛል፤ የ1939ኙን በራሪ ጽሑፍ ያነሣሁትም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ እናንተ መቃወሚያ ልምጣ፤ ፍትሐዊ ነውና። መጠለያ ጠባብ ነው። ከእንስሳ ጠጉር የተነሣ አስም የሚነሣበት ሰው አለ። ውሻ የሚፈራ ሕፃን አለ። ንክሻ አለ፤ የእብድ ውሻ በሽታም አለ፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ሰውን ከሚይዘው ውስጥ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው ከውሻ ነው። እኔ ከማላውቀው ሰው ሦስት ውሾች አጠገብ ተኙ ብትሉኝ አልተኛም። ግን ይህ ሁሉ ቀድሞ ለመዘጋጀት ምክንያት ነው። የተከተበ፣ በገመድ የተያዘ፣ ሣጥን የለመደ እንስሳ የሚኖረው ባለቤቱ አስቀድሞ ከተነገረው ነው። ያልተነገረው ባለቤትማ ይመጣል፤ ያልተከተበ ውሻ በእጁ ይዞ በራችሁ ላይ ይቆማል።

ጃፓን በዚህ በኩል የሄደችበት መንገድ ይጠቅማል። መጋቢት 2011 በፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ ሲደርስ በ20 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ያሉ ሰዎች በጥድፊያ ወጡ፤ ብዙ ውሾች ታስረው፣ ብዙ ድመቶች ተቆልፎባቸው ቀሩ። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴሩ በ2013 ባወጣው መመሪያ ባለቤት ከእንስሳው ጋር አብሮ መውጣት እንዳለበት አስቀመጠ። ሆኖም «አብሮ መውጣት» የሚለውን ብዙ ሰው «በአንድ ክፍል አብሮ ማደር» ብሎ ተረዳው። በ2016 ኩማሞቶ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ይህ መምታታት ገሃድ ወጣ። መጠለያው ውስጥ ቦታ ያጡ ወይም ጎረቤት ማስቸገር ያልፈለጉ ባለ ውሾች በመኪናቸው ውስጥ ካደሩት ብዙ ሰዎች መካከል ነበሩ። እግር አጥፎ ለቀናት መኪና ውስጥ መክረም ደግሞ ደም ያረጋል፤ በዚያ የታመሙ ነበሩ። ከዚያ በኋላ መመሪያው ተሻሽሎ ልዩነቱን አብራራ። ስለዚህ እናንተም ስትጽፉ ቁርጡን ተናገሩ፦ የትኛው መጠለያ ይቀበላል? በየትኛው በር? እንስሳው የሚያድረው የት ነው? ማን ይመግበዋል? አንድ የተለየ ክፍል፣ ወይም አንድ ድንኳን፣ ባለቤቶቹ ተራ ገብተው የሚያጸዱት ቢኖር አብዛኛው ጭቅጭቅ ይቀራል። መጠለያው ጨርሶ የማይቀበል ከሆነም ያንኑ አሁን ንገሩን፤ ከከተማ ውጭ ዘመድ ወይም ወዳጅ እንፈልጋለን። እኩለ ሌሊት ላይ በዝናብ ውስጥ ቆመን ከምንሰማው ዛሬ ብንሰማው ይሻላል።

ለእንስሳ ባለቤት ወገኖቼም አንድ ነገር ልበል፤ ደብዳቤው ግልጽ ነውና ይሰማሉ። መሥሪያ ቤት ሁሉን አያደርግልንም። አደጋው እኛ ሥራ ላይ ሳለን ቢመጣስ? ቁልፋችን ያለው፣ ውሻችን የሚያውቀው፣ ከሣጥኑ ጋር የት እንደምንገናኝ አስቀድሞ የተስማማን ጎረቤት አለን? እኔ ከዚያ ሌሊት በኋላ ከፊት ለፊት በር ከሚኖሩት እናት ጋር ተስማማሁ፤ እኔ የእርሳቸውን በቀቀን፣ እርሳቸው የእኔን ድመት። ለልምምድ ብለው ከቤቴ ይዘዋት ሲወጡ አልቧጠጠቻቸውም። ቅር ያለኝ መሆኑን አልደብቅም።

የምጠይቃችሁ ይህ ነው፦ በሚቀጥለው እትም በቤተሰብ ሠንጠረዡ ላይ አንድ ረድፍ፤ በሁለተኛው ገጽ «ይዛችሁ ውጡ» የሚል ዓረፍተ ነገር፤ እንስሳ የሚቀበሉ መጠለያዎች ስም በየአካባቢው፤ የመድኃኒት ማስጠንቀቂያዋ መስመር። ረቂቁን አንብቦ አስተያየት የሚሰጥ ተራ ሰው ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ፤ ያለ ክፍያ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ውሻና የአንዲት ድመት ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ «ዓሣዎቼንስ?» ብሎ የሚጠይቅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የዓሣ ገንዳ ተሸክሞ ደረጃ የሚወርድ ሰው እንዲኖር አልመክርም። በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ ገዝቶ ማስቀመጥና ሲወጡ አስነሥቶ መሄድ ነው ያለው አማራጭ፤ ይህንኑ በአንድ መስመር ጻፉላቸው።